ሰው የማይገኝበት መንገድ

ያን ቅዳሜ ጠዋት ጎሚስታዋ ሱቋን አልከፈተችም። በቆርቆሮው በር ላይ በጠመኔ «ዛሬ የለሁም» ብላ ጻፈችና እጇን ለመታጠብ ወደ ቤት ተመለሰች። በሳሙና አሸችው፣ በሎሚ አሸችው፤ ከጥፍሯ ሥር የገባው ግራሶ ግን የት ልሂድ ብሎ ሙጭጭ አለ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጣ፣ ይሁን፣ ሲያውቀኝም እንዲሁ ነኝ፣ አለች በልቧ። ፈገግም አለች። ያቺን ፈገግታ ከዚያ ወዲህ ባስታወሰቻት ቁጥር አንገቷን ትደፋለች።

በዚያች ቀን እሺ ልትል ነበር። እሺ የምትለውም ለጥርስ ሐኪሙ ነው።

ከከተማዋ ጀርባ በኮረብታው ላይ የሚጠማዘዙት የጠጠር መንገዶች ድሮ መኪና የሚመላለስባቸው ነበሩ። አስፋልቱ በሌላ በኩል ሲወጣ መኪናው ሁሉ ወደዚያ ዞረ፤ ኮረኮንቹም ለዝምታ ቀረ። ያ ዝምታ ነው ብስክሌተኛውን ከሩቅ የሚስበው። በሸንተረሩ ላይ የሚወጣ አለ፣ በወንዙ ዳር የሚዞር አለ፣ በአሮጌው ደን አቋርጦ ወደ አስፋልቱ የሚወርድ አለ፤ ሦስቱም ላይኛው መገንጠያ ላይ ይገናኛሉ። ግማሽ ቀን ቢነዱ ከጎማ ሥር ከሚንኮሻኮሸው ጠጠር በቀር የሚሰማ የለም። ብስክሌተኞቹ ፊታቸው በአቧራ ነጥቶ ሲመለሱ፣ አንድ ሰው እንኳን አላየንም ይሏታል፣ ሎተሪ የደረሳቸው ይመስል። እሷም የላላ ፍሬናቸውን እያጠበቀችላቸው ትስቅ ነበር። ሰው ባለማየቱ እንዲህ ደስ የሚለው ሰው ይገርማታል።

እነዚያን መንገዶች ሲደለድል የኖረው አባቷ ነው። ዕድሜውን በሙሉ የመንገድ ሥራ ግሬደር ነድቷል፤ ከዚህም የተነሳ ስሙ ቀርቶ አገር ምድሩ «ጋሽ ግሬደር» ይለዋል። እናቷ ከሞተች በኋላ አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ታዲያ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ነገር ይጠፋው ጀመር። አስቀድሞ መነጽሩ ጠፋ፣ ቀጥሎ የጎረቤት ስም፣ ቀጥሎ ትናንት የሚባለው ነገር። አንዳንድ ቀን ልጁን በእናቷ ስም ይጠራታል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ «እመቤት» ብሎ እንደ እንግዳ አክብሮ ያናግራታል። የሚብሰው ይኼኛው ነበር። አንድ ጊዜ ለሕክምና ወስዳው ዘመድ ቤት ሲያድሩ በሩን ሲፈልግ፣ «ወደ ቤቴ መልሱኝ» እያለ ሲያለቅስ ነጋ። ያየው ሐኪምም ከለመደው ቤት ያወጣችሁት ዕለት የቀረችውን ትዝታም ትነጥቁታላችሁ ብሎ አስጠነቀቃቸው።

የጥርስ ሐኪሙን ያወቀችው አንድ ቀን የተጣመመ ቸርኬ በትከሻው ተሸክሞ፣ እያነከሰ ሱቋ ሲገባ ነው። ትልቁ ከተማ ውስጥ የታወቀ ክሊኒክ ያለው፣ ከደህና ቤተሰብ የተወለደ፣ ከሚስቱ ጋር የተፋታ ሰው ነበር። ቸርኬውን ስታቃና ከጀርባዋ ቆሞ ቁልቁል ሲያያት ጊዜ ቁልፉ ሁለቴ ከእጇ አመለጠ።

«አንተ ጥርስ ስትነቅል በሽተኛው ቆሞ ነው የሚጠብቅህ?» አለችው ቀና ሳትል።

እሱም ሳቀና በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ብስክሌቱ አንድ ነገር ይሆን ጀመር። ያልተበላሸ ፍሬን ይዞ ይመጣል፤ እሷም እንዳላወቀች ሆና ታስተካክልለታለች። ቆይተው አብረው መንዳት ጀመሩ። ዳገቱን እሷ ትቀድመዋለች፣ ቁልቁለቱን እሱ ይቀድማታል፤ ሜዳው ላይ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ሜዳው ሁልጊዜ አጭር ነበር።

እናቱ ነገሩን ሰምተው አንድ ቀን በመኪና መጡ። ጎሚስታዋ እጇ ግራሶ ስለነበር አንጓዋን ዘረጋችላቸው። እሳቸውም በሁለት ጣታቸው ነካ አድርገው፣ ልጃቸው ብስክሌት መውደዱን እንጂ እዚህ ድረስ መውደዱን እንዳላወቁ ነግረዋት ሄዱ። ስትነግረው አፍሮ ያለቀሰው እሱ ነበር። እሷ ግን እናቱን አልፈራችም። የፈራችው ሌላ ነገር ነው።

እሱ አንዲት ልጅ አለችው፤ የፊት ጥርሶቿ ገና የወለቁ። የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው፤ እሁድ እሁድ ግን የእሱ ናት። እናትየው በሥራ ምክንያት ባሕር ማዶ ወዳለ ሩቅ አገር ተዛወረች፤ ልጅቷም አብራት ሄደች። ከእሁድ እሁድ እሷን ሲጠብቅ የኖረ አባት መከተል እንጂ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ክሊኒኩን ለሌላ አስረክቦ እዚያው አገር ሥራ አገኘ። ከመሄዱ በፊት ጎሚስታዋን አብረሽኝ ነይ አላት።

«መልሱን በስልክ አልፈልገውም፤ ቤትሽ መጥቼም አባትሽ ፊት አልጠይቅሽም፤ ይከብድሻል» አላት። «ቅዳሜ ጠዋት ላይኛው መገንጠያ ላይ እጠብቅሻለሁ። እሁድ በራሪ ነኝ። ከመጣሽ፣ መጣሽ። ካልመጣሽም ገብቶኛል፤ ደግሜ አላስጨንቅሽም።»

ብዙ አሰበች። በመጨረሻ ቋጠሮውን የፈታችላት አክስቷ ነች፣ የአባቷ ታናሽ እህት። ወንድሜን ከቤቱ ሳላወጣ እኔው ጠቅልዬ ገብቼ እጠብቀዋለሁ፤ አንቺ ዕድሜሽን እዚህ አትጨርሺ፤ ብላ ማለችላት። ጎሚስታዋም አመነች። ማመን ፈልጋ ነበርና ለማመን ብዙም አልደከመች።

ቅዳሜ ጠዋት አክስቷ በጊዜ መጣች። ጎሚስታዋ የአባቷን ጫማ አሰረችለት፤ አንዱን ጨርሳ ሌላውን ስትጀምር ፀጉሯን ዳበስ አደረገው። ከዚያ የብስክሌቷን ጎማ ነፋ ልታደርግ በፊት በኩል ወደ ደጅ ወጣች። አክስቷ ደግሞ ሻይ ልትጥድ ጀርባዋን ሰጠች። ሲመለሱ ወንበሩ ባዶ ነበር፤ የጓሮው በር ወለል ብሏል።

መጀመሪያ አልደነገጡም። መጸዳጃ ቤት አዩ፣ ሱቁን አዩ፣ ጎረቤት ጠየቁ። የለም። አክስቷ ደረቷን ይዛ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች፤ ሻዩ ከውስጥ ገንፍሎ እሳቱ ላይ ሲንጫጫ ይሰማል።

«እኔን ይውሰደኝ» አለች። «ዞር ነው ያልኩት ልጄ። ዞር ብቻ ነው ያልኩት።»

ጎሚስታዋ ልትቆጣት ፈለገች፤ የምትቆጣበትን ቃል ግን አጣች። እሷም ብትሆን ሻይ ትጥድ ነበር፤ እሷም ብትሆን ዞር ትል ነበር። ሰው እንዴት ዕድሜውን በሙሉ ዞር ሳይል ይኖራል? ይህ ሐሳብ ከአባቷ መጥፋት ይልቅ ፈጥኖ ልቧ ውስጥ ገባ፤ ገብቶም ቀዝቃዛ ድንጋይ ሆኖ ተቀመጠ።

ጎረቤቱ በየሰፈሩና በየገበያው ተሰማራ። ኮረብታውን ለእሷ ተዉላት፤ በብስክሌት የምትደርስበት እሷ ብቻ ናት። ከከተማው ጫፍ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ቀኙ ሸንተረሩን ይዞ ወደ መገንጠያው ይወጣል፤ ግራው ወደ ወንዙ ይወርዳል። እዚያ ጋ ፍሬን ይዛ ቆመች። ላይ እሱ አለ። ሄዳ ብትነግረው ለሁለት ይፈልጉታል፤ ደግሞም ፊቷን ያያል፣ እንዳልቀረችበት ያውቃል። ታች ግን ውሃ አለ። በዚያ ወቅት ወንዙ ሞልቷል። አባቷም በደህናው ዘመን ምሳውን ይበላ የነበረው ወንዙ ዳር ነው።

ስልኳን አወጣች። ኮረብታው ላይ ኔትወርክ እንደማይደርስ እያወቀች ደወለችለት። የሚያናግራት የለም። ዓይኗ ወደ ላይ፣ እጇ ወደ ታች ሆነ፤ እጇ አሸነፈ። ቁልቁለቱን ወረደች።

ያ ሰው ሁሉ የሚያመሰግነው ዝምታ ያን ቀን ጠላት ሆነባት። የምትጠይቀው ሰው የለም። ሽማግሌ አላየህም ወይ የምትለው እረኛ የለም፣ መንገደኛ የለም፣ በር ላይ የቆመች ሴት የለችም። አንዲት ላም ብቻ መሀል መንገድ ላይ ተኝታ ታመነዥካለች፤ ለመነሳት እንኳን አልተጨነቀችም። «አባዬ!» ብላ ስትጣራ የራሷ ድምፅ ከማዶው ኮረብታ ተመልሶ ይመጣል፣ እሷን እየጠራ። በየመታጠፊያው ቆመች፤ ውሃው ዳር ወረደች፤ በሸምበቆው መሀል የተጣለ ነጭ ጨርቅ አይታ በጫማዋ ውሃው ውስጥ ገባች። ማዳበሪያ ነበር።

የቀጠሮው ሰዓት ሲመጣ አወቀችው። ቀጠሮው ሲያልፍም አወቀችው። ላይ መገንጠያው ላይ አንድ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የመንገዱን መታጠፊያ እያየ እንደሆነ፣ ቆይቶ ሰዓቱን እንዳየ፣ ቆይቶ ቀና ማለቱን እንደተወ፣ አጠገቡ ያለች ያህል ይታያት ነበር። ለመጮህ ሩቅ ነው። ለመሄድም ሩቅ ነው። ፔዳሉን መርገጥ ብቻ ቀረላት፤ ረገጠች።

የወንዙ መንገድ ዞሮ ዞሮ መገንጠያው ላይ ሲያደርሳት ፀሐይዋ ከአናት አልፋለች። ማንም የለም። ድንጋዩ አጠገብ ያለው አፈር በእግር ብዛት ተረጋግጧል። የብስክሌቱ ጎማ አሻራም አለ፤ ራሷ የገጠመችለት ጎማ ስለሆነ አልጠፋትም። አሻራው በሸንተረሩ ወደ እሷ ከተማ አልዞረም። ወደ አሮጌው ደን፣ ወደ አስፋልቱ፣ መኪናውን ወዳቆመበት ነው የሄደው። የሱቋን በር ላለማየት ያንን መንገድ መርጧል።

እዚያው ቆማ አለቀሰች። ለማን እንደምታለቅስ አላወቀችም። ቀጥሎ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ ደኑ ታጠፈች፤ እሱን ልትከተል ግን አልነበረም። ሸንተረሩን ወደ ቤት ስትመለስ ታየዋለች፤ ከዚያ ሌላ ያልታየ የቀረው መንገድ እሱ ብቻ ስለነበር ነው።

ከደኑ ወዲህ የምትገኝ ትንሽ ድልድይ ነበረች፤ ጎርፍ አንዱን ጎኗን የበላባት። ጎሚስታዋ መታጠፊያውን ስትጨርስ መጀመሪያ ድምፅ ሰማች።

«ደህና አድርገህ ጠቅጥቀው! ትልቁን ከሥር፣ ደቃቁን ከላይ። ስንቴ ልንገርህ?»

አባቷ ድልድዩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ በአንድ እግሩ ጫማ፣ በሌላው ካልሲ። ትከሻው ላይ የሰው ጃኬት ደርቧል። ከታች፣ ጎርፉ በሸረሸረው ጉድጓድ ውስጥ፣ የጥርስ ሐኪሙ ተንበርክኮ ጠጠር ይሞላል። ጠጠሩን የሚያመላልሰው በብስክሌት ቆቡ ነበር። ጣቶቹ ተልጠዋል፤ ነጭ ሸሚዙ የአፈር ቀለም ይዟል።

ብስክሌቷን ጣለችው። እሱ ቀና አለ፤ ዓይን ለዓይን ተያዩ። አባቷ ግን ዞር ብሎ አያትና፣ «እመቤት፣ ለሠራተኛው ውሃ ይዘሽለታል?» አላት በትሕትና።

ውሃውን ሰጠችው። ሳትለቀው ቀረችና ጠርሙሱን ለሁለት ያዙት።

ነገሩን በአጭሩ ነገራት። ሲጠብቅ ቆይቶ፣ መቅረቷን አይቶ፣ በራሱም ሳይፈርድ በእሷም ሳይፈርድ ተነስቶ ሲሄድ፣ ሽማግሌውን እዚህ ተቀምጠው አገኛቸው። በእግር አቋራጩን ወጥተው መሆን አለበት። ቤት ላድርስዎ ቢላቸው እምቢ አሉ። መኪና ይገባበታል፣ ይህን ጉድጓድ ሳልደፍን ንቅንቅ አልልም አሉ። ሊያነሳቸው ሲሞክር እንደ ሕፃን ጮኹ። ስልኩ አይሠራ፣ ትቷቸው አይሄድ፤ ስለዚህ ጉድጓዱን መድፈን ያዘ። በዚያ መንገድ መኪና ካለፈ ስንት ዘመኑ ነው! ያንን ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንዳቸውም አላነሱትም።

«መቅረትሽ እኮ መልስሽ ነው ብዬ ነበር» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሳያቸው ገባኝ። እየፈለግሻቸው ነው የቀረሽው።»

«መልሴ እሺ ነበር» አለችው።

«ነበር?»

«ነበር።»

ጠጠሩን ከመዳፉ አራገፈ፤ ቀና ብሎ አላያትም። አክስትሽ እኮ አለች፣ ሌላም ሰው ይቀጠራል፣ ለዛሬ አንድ ቀን ብለሽ ሕይወትሽን አትዝጊው፣ እያለ ይለምናት ጀመር። እሷ አስጨረሰችው። ከዚያ አክስቷ እንዴት ዞር እንዳለች ነገረችው። ሻይ ከመጣድ በቀር ጥፋት እንደሌለባት ነገረችው። ባሕር ማዶ ተቀምጣ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር የጓሮው በር ወለል ብሎ እየታያት፣ ምን ዓይነት ሚስት እንደምትሆንለት ጠየቀችው።

«እሺ እኔ ልቅር» አለ ድንገት። ድምፁ ተሰበረ። «እኔ እቀራለሁ።»

ይህን ቃል ለመስማት ስንት ቅዳሜ ተመኝታለች። አሁን ሲመጣ ግን ደስ አላሰኛትም።

«ልጅህስ?»

የብስክሌት ቆቡን አንስቶ አፈሩን ያራግፍ ጀመር። 

«እሁድ ስትመጣ በር ላይ ቆማ ነው የምትጠብቅህ፣ አንተው ነህ የነገርከኝ» አለችው። «እኔ ጋ ቀርተህ፣ እሁድ በመጣ ቁጥር ፊትህን እያየሁ እንዴት እኖራለሁ? አንተስ እንዴት ትወደኛለህ?»

«ታዲያ ምን እናድርግ?» አላት። ሐኪም ነው፤ ሰው ታምሞ ሲመጣ የሚያደርገው የማያጣ ሰው ነው። እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ ሰምታው አታውቅም። «ማናችን ነን ያጠፋነው?»

«ጥፋትማ ቢኖር ይቅር ተባብለን እንጨርሰው ነበር» አለችው።

ተያዩ። ከደኑ ነፋስ መጥቶ በመሀላቸው አለፈ። ልትነካው ብላ የተላጡ ጣቶቹን አየችና በመሐረቧ ትጠርግለት ጀመር፤ እያንዳንዷን ጣት ለየብቻዋ፣ ቀስ ብላ፣ ካለቀች እንድትለቀው የምትገደድ ስለመሰላት። እሱም ቀና ብሎ ሰማዩን እያየ እጁን ሰጣት። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ተያይዘው አያውቁም።

«ሥራው ቆመ እኮ» አለ አባቷ ከላይ። ቀጥሎ ወደ ልጁ ጎንበስ ብሎ፣ ምስጢር እንደሚነግራት ሁሉ፣ «ይሄ ልጅ እጁ ገና ነው። ግን የሚሸሽ ልጅ አይደለም» አላት።

የጥርስ ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ፊቱን አዞረ። ትከሻው ሲርገበገብ አየችው። ሁለቱም ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ፤ ጎን ለጎን ተንበርክከው ማንም የማያልፍበትን መንገድ ሞሉ።

አባቷ ሥራው አማረ ብሎ ሲነሳ በመሀላቸው አድርገው በሸንተረሩ ወረዱ። አንድ እጁን እሷ፣ አንድ እጁን እሱ ያዙት፤ ብስክሌቶቹን በሌላ እጃቸው እየገፉ። ሽማግሌው ደስ ብሎታል። በየመታጠፊያው ይህን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ይህ አለት ስንት የግሬደር ምላጭ እንደበላብኝ፣ እያለ ያወራቸዋል። ላየ ሰው አባት፣ ልጅና አማች ከሽርሽር የሚመለሱ ይመስሉ ነበር። የሚያይ ሰው ግን አልነበረም፤ ጎሚስታዋም ስለዚህ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጣሪን አመሰገነች።

ደጃፉ ላይ አክስቷ እያለቀሰች ወንድሟን አቅፋ ወደ ቤት አስገባችው። ሽማግሌው ከመግባቱ በፊት የጥርስ ሐኪሙ ዝቅ ብሎ እጁን ሳመው። «ነገ በጊዜ ና» አለው አባቷ። እሱም እሺ አለ። ምን ይበል?

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ልጻፍልሽ አላት፤ አትጻፍልኝ አለችው። ደግሞ ጻፍልኝ አለችው። ደግሞ አትጻፍልኝ ልትል ስትል ግንባሯን ሳማትና ብስክሌቱ ላይ ወጣ።

ዳገቱን ሲወጣ አላየችውም፤ ጀርባዋን በቆርቆሮው በር ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ጎማው ጠጠሩን ሲያንኮሻኩሽ ግን ሰማችው። ሌላ ከተማ ቢሆን የመኪናው ጫጫታ ወዲያው ይውጥላት ነበር። እዚህ የሚውጠው ነገር የለም። በመጀመሪያው መታጠፊያ ሰማችው፣ በሁለተኛው ሰማችው፣ ከዚያ በኋላ ሰማች ወይስ መሰላት፣ ለመለየት እንኳን አልቻለችም።

ሰኞ ሱቋን ከፈተች። አባቷ እንደ ልማዱ በሩ አጠገብ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የእናቷን ስም ረስቶታል፤ የእሷንም ያን ቀን አላገኘውም። እሷ ጎማ እየለጠፈች ሳለ ግን ቀና ብሎ፣ «ያ ልጅ ዛሬ አልመጣም?» አላት።

«ሄዷል አባዬ። ሩቅ አገር ሄደ።»

«ሳይሰናበተኝ?» ከፋው። 

«ተሰናብቶሃል። እጅህን ስሞህ ነው የሄደው።»

እጁን አገላብጦ አየ፤ ሐዘኑም ፊቱ ላይ ቆይቶ እንደ ደመና አለፈለት። ጎሚስታዋ ሙጫው እስኪደርቅ ጠበቀች። ከምሳ በኋላ ደግሞ ቀና አለ፤ ምንም እንዳልተነገረው ሆኖ፣ ያንኑ እምነት ፊቱ ላይ ይዞ፣ «ያ ልጅ ዛሬ አልመጣም?» አላት።

ነገረችው። እንደገና ከፋው። ወደ ማታ ደግሞ ጠየቃት። ለእሱ ሁልጊዜም አዲስ ወሬ ነበር፤ ስትነግረውም በየጊዜው ለእሷ አዲስ ሆነ። በማግስቱ ጠዋት፣ ገና ጫማውን ስታስርለት ሲጠይቃት፣ የጫማውን ክር ሳትቋጥር ቆመች። አባቷ ግን አይቸኩልም። አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ክሩ በጣቶቿ መሀል እንዳለ፣ መልሷን ይጠብቅ ነበር።